ዘጠነኛው መስቀያ

ዕጣው በእኔ ወጣ። ሁለተኛው መንፈቅ
ሊጀመር፣ በጠዋት፣ በረዶው ተጠርጎ ሳያልቅ፣
ከድምፅ ማጉያው ፊት አቆሙኝ ብቻዬን፣
በካልሲ ሆኜ፣ እግሬ እየረገጠ እግሬን።

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ፀሐይ ኅዳር ላይ
ዕዳ እንዳለበት ሰው ጠፍታ ከሰማይ፣
ሃምሳ ሦስት ቀን ሙሉ ከተራራው ጀርባ
አድፍጣ ከርማለች፣ ሳትወጣ፣ ሳትገባ።

ማይኩ አንዴ አፏጨ። "እንደምን አደራችሁ፣
ከሰባት እስከ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ ሆናችሁ!
አንደኛ፦ ጣሪያው ስላፈሰሰ፣ ሒሳብ
በእንጨት ሥራ ክፍል ነው፤ መጋዙን አለመንካት ይታሰብ።
ሁለተኛ፦ ከጠፉ ዕቃዎች ሣጥን፣ አሥራ አንድ ጓንት፣
ሁሉም የግራ ናቸው። ቀኙስ የት ገባ? ተናገሩ፣ በእውነት።
ሦስተኛ፦ ከትምህርት መልስ ወደብ ወርዳችሁ
የኮድ ዓሣ ምላስ ለገንዘብ የምትቆርጡ፣ ቢላችሁ
ክፍል እንዳይገባ። እጃችሁንም ታጠቡ።"
ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ፈነዳ፤ ኤስኪልን ሳይከቡ
አልቀሩም።
"አራተኛ፦ መዘምራን ማክሰኞ ነው። ወፍራም ድምፅ ጠፍቷል፤
በገና ዕረፍት ድምፁ የጎረነነ ሁሉ ይሞከራል።
አምስተኛ፦ ሐሙስ ረፋድ፣ አምስት ከአርባ ሲሞላ፣
ፀሐይ ትመለሳለች፤ ኮረብታው ላይ ዳቦ በጃም እንብላ።"

ስድስተኛው መስመር በቀለም ተሰርዟል፤
ግን ወረቀት ለመብራት ሲያሳዩት ምን ይደብቃል?
"ኢሊፍ ወደ ደቡብ ሄዷል፤ የአባቱ ጀልባ ተሸጠ፤
መስቀያ ቁጥር ዘጠኝ ባዶ ነው።"
ቃሌ ተቆረጠ።

ባለፈው መንፈቅ ዜና የሚያነበው እሱ ነበር፣
አራት ነጥብ የማያውቅ፣ ሳይተነፍስ የሚበር፣
የምሳውን ሾርባ ከስኪ ውድድር የሚያጋባ፣
መምህራንን ሳይቀር በሳቅ የሚያስነባ።

"ስድስተኛ፣" አልሁ፣ ከራሴ ፈጥሬ፣
"ዘጠነኛው መስቀያ ላይ፣ ከዛሬ
ፀሐይ እስክትመጣ፣ ኮት እንዳትሰቅሉ።"
ወይዘሮ ራግንሂልድ ዝም ብለው መነጽራቸውን ወለወሉ።

ማንም አልደፈረውም። አይሉ እንኳ፣ ሁለት ኮት ደራቢው፣
አንዱን ወንበር ላይ ጣለ። ምን አለው? ቀዝቃዛ ብረት ነው።
ከሥሩ ግን በቢላ ጫፍ የተጫረች ጀልባ አለች፣
ዓመቱን ሙሉ በረጠበ ጃኬት ሥር የተደበቀች።

ሐሙስ ደመና ሆነ።
ወጣን ከነዳቧችን፤ ሰማዩ እንደ ቡሖ ኩፍ ብሎ፣
ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈ፤ ከደመናው ጠርዝ ተንጠልጥሎ
ጽጌረዳ የመሰለ ጭረት፣ ጣት የማይሞላ፣
ትንሽ ታየና፣ ጠፋ ከተራራው ኋላ።

"መጣች ወይስ አልመጣችም?" ክርክሩ ጦፈ።
"በስሌት መጥታለች፣" ብሎ መምህር ስቬሬ ዳቦውን ገመጠ፣ አለፈ።

ስንመለስ፣ ዘጠኝ ላይ ሰማያዊ ጃኬት!
ጀልባዋ አትታይም። ሥሩ ቆሟል ልጅ፣ ሁለት የግራ ጓንት
ያጠለቀ፤ ረቡዕ ማታ በመርከብ ከሊትዌንያ የመጣ፣
እናቱን ዓሣ ፋብሪካ ስለቀናት ዕጣ።
ቋንቋችንን ገና ነው፤ ማስታወቂያውን አልሰማ፤
ቢሰማስ? "መጥታለች" ተብሏል ዛሬማ።

ልቆጣ አፌን ከፈትሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ውኃው ካልሲዬን አራሰው።
"ስምህ?" ብቻ ወጣኝ። ነገረኝ፤ አልያዝሁትም፤ ሰባብሮ ደገመው፣
ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር።

ዓርብ ጠዋት። ማይኩ አፏጨ። ከወረቀቱ ኅዳግ
ዳው፣ ማን፣ ታስ ብዬ ጽፌአለሁ፣ እንዳልሳሳት፣ ሌሊቱን ሳነበንብ ስተጋ።

"ማረሚያ አለን፣" አልሁ። "ስድስተኛው ዜና ተሽሯል።
ዘጠነኛው መስቀያ ባለቤት አለው፤ ዳውማንታስ ይባላል።
አንድ የቀኝ ጓንት፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ይፈለጋል።
ፀሐይን በተመለከተ፣ ሰኞ ደግሞ ይታያል።"