አሥረኛው ጣሳ

ቅዳሴው ሲጨረስ ከምድር ቤት ወርደን፣
እኔና አስካለ ጠረጴዛ ይዘን፣
የኤድመንተን ብርድ መስኮቱን ሲልሰው፣
ፖስታ እንከፍታለን፣ ሰው ለአምላክ ያደረሰው።
ሕንጻው የሉተራን፣ እኛ ተከራዮች፤
ማሞቂያው ያስላል እንደ ሽማግሎች።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ በቁጥር እኖራለሁ፤
ሳንቲም ስትጎድለኝ እንቅልፍ አጣለሁ።
የገዛ አሥራቴንም እያገላበጥሁ፣
«ከታክስ በፊት ይሆን ወይስ ከኋላው?» አልሁ።
የጡረታ ቁራጭ፣ የመኪና ዕዳ፣
የጥርስ ሐኪሙን፣ የልጆቹን ጓዳ፣
ቀንሼ ቀንሼ እግዜርን ሳስበው፣
ገበታ ከተነሣ የመጣ እንግዳ ነው።

አንዲት ፖስታ አለች ቢራ የምትሸት፣
ሳንቲሟ ተጣብቆ የማይለቅ ከጣት።
አስካለ ስታያት ጓንቷን ታጠልቃለች፤
«ያ የጣሳው ሰው ነው» ብላ ትስቃለች።

ጋሽ ቢተው ነው ሰውየው፤ ከዜሮ ሲወርድ
ሠላሳ ዲግሪ ሙሉ፣ በበረዶ መንገድ፣
ጋሪውን እየገፋ ከየበርሜሉ ሥር
ቃርሚያ እንደሚቃርም ጣሳ የሚሰፍር።
ከጃስፐር ጎዳና እስከ መመለሻው
አንድ ባዶ ጣሳ አሥር ሳንቲም ነው ዋጋው።
አሥረኛው ጣሳ ግን ከጋሪው ይለያል፤
በሌላ ፌስታል ገብቶ እጀታው ላይ ያድራል።
ጨምዳዳ ይሁን ደህና፣ አይመርጥም፣ አይለውጥም፤
ተራው የደረሰው የጌታ ነው፤ አይጠይቅም።

አንድ እሁድ ስቆጥር፣
አራት ዶላር ከስልሳ።
ልማዴ ነውና አሰላሁት፦ አራት መቶ ስልሳ ጣሳ።
አራት መቶ ስልሳ ጊዜ ጎንበስ፣ አራት መቶ ስልሳ ጊዜ ቀና፤
ከኔ ስግደት የረዘመ፣ ከኔ ሑዳዴ የጠና።

አላስቻለኝም።
ፖስታውን ይዤ ወጣሁ፤ ደጁ ላይ አገኘሁት።
«ጋሽ ቢተው፣ ይቅርብህ፤ ለራስህ ጓንት ግዛበት።
እግዜር አይቸገርም፤ ክራዩም በዚች አይሞላ» አልሁት።

ጢሙ ላይ የጋገረው በረዶ ጠብ እስኪል ዝም አለ።
ከዚያ፦

«ስድስቱን ቀን ሙሉ ተቀባይ ነኝ፣ ልጄ፤
የሰው ጥራጊ ነው የሚያድረው በእጄ።
መንግሥት ይሰጠኛል፣ ሾርባ ይቀዱልኛል፤
‹አመሰግናለሁ› ማለት ምላሴን ልጦኛል።
እሁድ አንድ ቀን ነው ሰጪ የምሆነው፣
ከባለ ቤት ጋራ እኩል የምቆመው።
እሷንም ወስደህ ልታደኸየኝ ነው?

«ደግሞ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «አንተ ሒሳብ ዐዋቂ፣
አሥሩም የሱ አይደል? እኔ ነኝ ጠባቂ።
ዘጠኝ ለተወልኝ፣ ባንዷ ልሁን ነጣቂ?»

ፖስታዋን መልሶ እጄ ላይ ጫናት፤
አራት ከስልሳ ናት፤
ከበደችኝ።
ጋሪው ተንኮሻኮሸ፤
መቶ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና ላይ ታጥፎ ጠፋ።

ወደ ምድር ቤት ወረድሁ። ማሞቂያው ያስላል።
ሳንቲሞቹን ከሌላው ገንዘብ ጋር ዘረገፍሁ፤
አንዷ የማን እንደሆነ ከማላውቀው
መቶ ዶላር ላይ ተጣበቀች።
ልላጣት ሞከርሁ፤ እምቢ አለች።
አስካለ አየችኝ፤ ጓንቷን ሳታጠልቅ
በጥፍሯ ልትረዳኝ እጇን ዘረጋች።

መዝገቡ ላይ ጻፍሁ፦ ቢተው፣ አራት ከስልሳ።
ከሥሩ የኔ ስም ነው፤ ቁጥሩ ገና አልገባም።
ከታክስ በፊት፣ ከታክስ በኋላ . . .
ብዕሬን አነሣሁ፤
ጣቴ ቢራ ቢራ ይሸታል።