የምራን ዕዳ

ድጎ ጽዮንን አልፈን፣ ጠጠሩ ሲያበቃ፣
ሐምሌ እንደ ሊጥ አቡክቶ ያቆየን ጥቁር ጭቃ።
መኪናዋ አሮጊት ናት፣ በሽቦ በሯን ያሰረች፣
ከእኔ በፊት ሦስት ሾፌር በጡረታ የሸኘች።
ከኋላ የክትባት ሣጥን፣ በበረዶ የታጨቀ፣
ከጎኔ ነርስ ደጊቱ፣ ዓይኗ ከሰዓቷ ያልራቀ።
«በረዶው እስከ ማታ ነው» አለችኝ፤ ሌላ ቃል የለም።
ዝናቡ እንደሆን አይገደው፣ ሊያባራም አላሰበም።

ጭቃ ላይ መሪ አይታገሉም፤ «እንዳሻሽ ሂጂ» ይሏታል፤
ደንግጦ ፍሬን የነካ ሰው ገደሉን በጎኑ ያየዋል፤
ይህን ያስተማረኝ ሾፌር ዛሬ አዴት ላይ ሽንኩርት ይሸጣል።

ከጎማው አየር ቀነስኩ፣ ጭቃውን በሰፊው እንዲረግጥ፣
ከባዱን ማርሽ ፈለግሁ፣ ዳገቱን የሚቆናጠጥ።
እምቢ አለች። አንገራገረች። ካምቢዮዋን ይዤ ለመንኳት፦
«አንቺ ጎጃም ኖረሽ ኖረሽ፣ ማርሽን ትነፍጊኛለሽ?» አልኳት።
ሰጠችኝ።

ወንዟን እንደ ምንም ተሻግረን፣ አፋፉን ልንይዝ ስንል፣
ጭቃ ለብሶ የተኛ ድንጋይ ከግራ ጎማ ሥር «ቀጭ!» ሲል—
ከዚያ ዝም።
በደረቴ ገባሁ ከሥሯ። ዋናው ባሌስትራ ለሁለት፣
አክስሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጎማው ፓራፋንጎው ላይ ተለጥፎበት።
ክሪክ ባስገባ ሰመጠ፤ ድንጋይ ባነጥፍ ሰመጠ፤
ግራ ጫማዬን እንኳ መሬቱ ሳያላምጥ ዋጠ።

ከላይ ማሳ፣ ከጥማዱ ኋላ፣ የሚያየን ሰው ነበረ፣
ጅራፉን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተናገረ።
መጣ። አያ ቢሻው ይባላል። ተንጋለለ ከመኪናው ሥር፣
ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ እንደ ወጌሻ ሲመረምር።
«ይኼማ» አለ «የሞፈር ስብራት ነው፤ ብረት ሆኖባችሁ ፈራችሁ፤
ያን ሞተር አጥፉትና እስቲ ኑ ያዙልኝ፣ ሁለታችሁ።»

በሬዎቹን ፈታ። ከቀንበሩ ላይ ምራኑን መዘዘ፣
የወይራ ጉማጅ ከስብራቱ ደርቦ፣ ጫፉን በጥርሱ ያዘ፤
ጠመጠመ፣ ጠመጠመ፣ ከጠፍሩ ውሃ እስኪጨመቅ።
«አሁን እርጥብ ነው፤ እየደረቀ ሲሄድ እንደ ቂም ነው የሚጠብቅ።»
ብር ላወጣ እጄን ብሰድ፣ ፊቱን አዞረ፦ «አልቀበልም፤
ምራኔን መልስልኝ እንጂ፣ ብር ቀንበር አያስርም።»
«ጤፉስ?» አልኩት። ባዶውን ቀንበር አየ፣ ሰማዩን አየ።
«የዛሬዋን ቀን ዘለልኳት» አለና ከእኛ ተለየ።

ከዚያ በእግረኛ ርምጃ። ደጊቱ ዱላ ይዛ ከፊት፣
ጭቃውን እየወጋች፤ እኔ ጆሮዬን ለጠፍሩ ሲጢጥታ ሰጥቼ፣ እስከ ምሽት።
ጤና ኬላው ስንደርስ፣ በረዶው የጥርስ ያህል ቀርቶ ሳይቀልጥ፣
አንዲት ሕፃን መርፌ ቀምሳ መንደሩን በለቅሶ ስታናውጥ፣
እኔ በአንድ ጫማ በራፉ ላይ ቆሜ ሳቅሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ውበቱ ሊቆርጠው ቢላ ሲያነሳ፣
«ተው!» አልኩ። ቋጠሮ በቋጠሮ ፈታሁት፣ ሳልበላ ምሳ።

ነሐሴን ሙሉ ወንዙ ዘጋን። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል፣
ምራኑን ከወንበሬ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ፣ ዕዳዬን ልከፍል።
የአያ ቢሻውን ማሳ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አላሻኝም፦
ግራ ቀኙ ጤፍ ተዘናፍሎ፣
መሀሉ ላይ አንድ እርሻ፣
ከጎረቤቶቹ ሁሉ
በአንድ ቀን ያጠረ።