ገጽ ሰማንያ ስምንት

ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ሰኞ ገበያን ሲያለብስ፣
የጦይባ ማሽን ትነሣለች፤ ታስነጥሳለች እንደ ፈረስ።
እኔ ጥራዜን ታቅፌ ከበሩ ሥር እጠብቃለሁ፣
በዓመት አንዴ፣ በመስከረም፣ ሠላሳ ደራሲ አስባዛለሁ፤
ስለ ሰውና ስለ ማኅበር የጻፉ፣
ግማሾቹ በሕይወት ሳሉ እርስ በርስ የተዘላለፉ፣
ዛሬ በአንድ ጠመዝማዛ ሽቦ ጀርባቸውን የተሰፉ።

መምረጥ ማለት መጣል ነው፤ ሌሊት ያልገቡት ይመጣሉ፣
«የእኛ ገጽ ምን አጠፋ?» ብለው አልጋዬ ጫፍ ይቀመጣሉ።
ተማሪ ኪሱ ባዶ ነው፣ እላቸዋለሁ፤ ነገሩ የገንዘብ ነው፤
ዘላለማዊ ሐሳብ እንኳ እዚህ ቤት ሒሳቡ በገጽ ነው።
ይስቃሉ፤ ይሄዳሉ።

ግን ነገሬ ስለ እነሱ አይደለም፤ ስለ አንድ አውራ ጣት ነው።
ገጽ ሰማንያ ስምንት፣ ከግርጌ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤
ጥቁር፣ ድፍን፣ ጥፍሩ ብቻ ነጣ ያለ፣
መጽሐፉ መስታወቱ ላይ እንዳይንሸራተት ይዞ የዋለ፣
አብሮ የተባዛ።

የሙሄ ነው፤ የጦይባ ታናሽ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ያኔ፣
ማሽኗ ወረቀት ስትውጥ «ተፊ እስቲ እናቴ፣ ተፊ ለእኔ»
እያለ የሚለማመጣት።
ከቅጂው ቅጂ፣ ከዚያም ደግሞ ሌላ ቅጂ ሲወጣ፣
ፊደሉ እየሳሳ ሄደ፤ ጣቱ እየጠቆረ መጣ።

ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰውን ከሰው አስሮ ያቆመው
ኃይል አይደለም፤ ሕግም አይደለም፤» ከዚያ ጣት፤ ከዚያ «ነው።»
ሰባት ዓመት ተማሪዎቼ በዚያ ጣት ሥር ቆፈሩ፤
የወረኢሉዋ ልጅ «ፍቅር» አለች፣ የሳይንቱ «ፍርሃት»፤ ተከራከሩ፤
የኮምቦልቻው ነጋዴ ልጅ «ጥቅም» ብሎ ጠረጴዛ መታ።
አንዱ በፈተና ወረቀቱ ላይ «ጣት» ብሎ ጻፈ፤
ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት፤ በሷው አለፈ።

ሙሄ ግን ሄደ፤ ቁልፉን ከማሽኗ ክዳን ላይ ትቶ፤
ከባቲ ደወለ አንድ ጊዜ፣ ድምፁ በንፋስ ተበልቶ።
ከባቲ ወዲያ በረሃ ነው፤ ከበረሃው ወዲያ ባሕር፤
ከባሕሩ ወዲያ ያለውን ጦይባ አትናገር፤
እኔም አልጠይቅ።
ቶነር ተወደደ፣ እንባባላለን። ብርዱ ጠና፣ እንባባላለን።

ዘንድሮ ንጹሑ መጽሐፍ ከአንድ ጡረተኛ ሣጥን ተገኘልኝ፤
ሰማንያ ስምንትን ስገልጥ እጄ ቀዘቀዘብኝ።
ቃሉ «ብድር» ነው።
ብድር። እናቴ በደል ሲደርስባት «ብድር በምድር» የምትለው፣
ወንፈል የወጣ ገበሬ በበሬው የሚመልሰው።
ሰባት ዓመት ለቆፈርነው ጉድጓድ ትንሽ መሰለችኝ፤
ማታ ራት ላይ ግን፣ እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ፣ ከበደችኝ።

ሌላው ሁሉ ትናንት አልቆ የቀረው ይሄው ገጽ ነበር።
ለጦይባ ሰጠኋት። መስታወቱን በሻሿ ጫፍ ወለወለች፤
«የጠራ ነው፤ ለልጆቹ ይሻላል» አለች።
አርባ ጊዜ ብርሃኑ ከአገጯ ሥር መጣ፣ ሄደ፤
አርባ ጊዜ ያ ገጽ ያለ ጣት ተወለደ።
ዋጋውን ነገረችኝ፤ ጨምሯል። የብሩን ጥቅል ሰጠኋት።
የድሮውን ጥራዝ አጥፌ ወደ ቅርጫቱ ልወረውር ስል፣
«እሱን ተውልኝ» አለች፣ ከሽቦው ቀና ሳትል።

ቃሉን ልነግራት ነበር።
አልጠየቀችኝም።
ጥራዞቹን በኩሊ አሸክሜ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤
መሐል መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፤
መልሴን አልተቀበልኩም።