ሰባት ደቂቃ

የኖልቤርቶ ጀልባ ዓሣ የላት ዛሬ፤
ደሴት ዞራ ዞራ የለቀመችው ፍሬ
ዓይኑ የፈሰሰ ቴሌቪዥን፣
ልሳኑ የተዘጋ ራዲዮን፣
ጥርሱ የረገፈ ኪቦርድ፣ ሦስት ማቀዝቀዣ፤
(አንዱ ውስጥ ድንች አለ፤ ማን እንደረሳው እንጃ።)

ሚያዝያ ነው። በኬምቺ ዝናብ አይጠየቅም፤
ሰው ካፖርቱን እንጂ ሰማዩን አይወቅስም።
ባሕሩ ሸሸት ብሎ ጭቃውን ሲያሳይ
ወንዶች ተቀባበሉ፣ ከጀልባ ወደ ድንጋይ፣
ከድንጋይ ወደ ጋሪ፣
ከጋሪ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር።
እዚያ እየፈታን እንለያለን፣ መዳብ ለብቻ፣ ብረት ለብቻ፤
በዓመት አንዴ ከዋናው ምድር ነጋዴ መጥቶ ይገዛል፤
ገንዘቡ ለሰፈሩ እሳት አጥፊዎች አዲስ ቱቦ ይሆናል።
ልጆች ቻርጀር ይፈታሉ፣ እንደ አንጀት የተቆላለፈ፤
ይሄስ የማን ነበር? ስልኩስ ወዴት አለፈ?

እኔ ሚዛን ላይ ነኝ። ኪሎውን እጽፋለሁ፤
ከማን ቤት እንደመጣም አንድ በአንድ እጠይቃለሁ።
"ጻፊልኝ" ይሉኛል ዶን ባልዶሜሮ፣
"ሃያ ዓመት ሰምቷል የሚስቴን እሮሮ።"
ራዲዮኑን አስቀምጠው አዞሩ ፊታቸውን።
ሁለት ኪሎ ከሩብ። ቶሎ ጻፍኩት ቁጥሩን።

ከሰዓት በኋላ ነው የፋብሪካው መኪና
የመጣው፤ የሳልሞን ማሸጊያው፣ የተዘጋው አምና።
ዐሥራ አንድ ኮምፒዩተር፣ ሽቦ በጆንያ፣
እና ያ ግራጫ ሣጥን፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ።

ሶይላ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።
ኦርፌሊና ግን መፍቻ ይዛ ቀረበች፤
ሁለት ጣቷ አይታጠፍም፣ በረዶ ነው የበላው፤
"ይሄን ለኔ ተዉልኝ" አለች፣ "እኔ ነኝ የምፈታው።"

በዚህ ሣጥን አፍ ነበር ካርዳችንን የምናጎርስ
ጎሕ ሳይቀድ፣ አንድ እጃችን ገና ሽርጥ ሲለብስ፤
አንድ ደቂቃ ላረፈደች ሩብ ሰዓት ይቆረጣል።
ኤዱቪሂስ ሕፃኗን ከጡቷ ነጥላ ሮጣለች፤
እኔ አቀበቱን ሮጫለሁ፤ ሶይላ ከነትኩሳቷ፤
ሣጥኑ በቀይ ይጽፋል፦ አርፍዳለች።
"እንቅልፍ ወዳድ" እየተባልን ዘጠኝ ዓመት።

አንድ ብሎን። ሁለት ብሎን። ሦስተኛው ዝጎ እምቢ አለ፤
ዘይት ጠጣና ለቀቀ።
ክዳኑ ሲነሣ፣ ከአረንጓዴው ሰሌዳ ጥግ፣
ሳንቲም የምታህል ባትሪ፣ ነፍሷ ገና ያልወጣ፤
መስኮቱ ላይ ቁጥር ይርገበገባል፣ ሊጠፋ ሲል የሚመጣ።

ሶይላ ስልኳን አየች፣ እኔ የግድግዳውን፣
ኖልቤርቶ የእጁን፣ የባሕር ሽሽት የሚጠብቅበትን።
ሦስቱም ዘጠኝ ከሃያ።
ሣጥኑ ብቻውን
ሰባት ደቂቃ ቀድሟል።

ዝም ተባለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቆጥር ይሰማል።
"ቆሞ ስለከረመ ተዛብቶ ይሆናል" አለ መምህሩ።
ኦርፌሊና ዞር ሳትል፦
"የደከመ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።
ደክሞት ወደ ፊት የሚሮጥ
እኛን ብቻ ነው ያየሁ።"

በሚዛኑ ደብተር ጀርባ ሰባትን ማባዛት ጀመርኩ፤
በቀኑ፣ በወሩ፣ በሴቱ ቁጥር . . . አራተኛው ዓመት ላይ ተውኩ።

አንዱ ጎረምሳ መዶሻ አነሣ።
"ተው ልጄ፤ ሰሌዳው ከተሰበረ ዋጋ ያጣል" አለችው፤
ባትሪዋን በጥፍሯ ፈልቅቃ፣ አሸዋ በሞላው ባልዲ
ከሌሎቹ ጋር ቀበረቻት። ቁጥሩ ጠፋ።
መዳቡን ለብቻ። ብረቱን ለብቻ።
"አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ" አልኩ። "ከማን ቤት ልበል?"
"ከኛ" አለች፣ "ከፍለንበታል።"

ቀጥሎ የኤዱቪሂስ ዳቦ መጥበሻ ነበር።
ገልብጣ አራገፈችው፤ የስንት ቁርስ ፍርፋሪ ወጣ፤
ዘጠኝ መቶ ግራም ጻፍኩ፣ ፍርፋሪው ሳይቆጠር።