ጓንት

ትኬቱ ርካሽ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ
"ዝናብ ነው" አለችን ሴትዮዋ፣ ሳትደብቅ።
"ሙቀት አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ትንኝ አለ በዚያ ወር፤
ደረቁ እስኪገባ ብትቆዩ ይሻል ነበር።"

ትምህርት ቤት ግን የሚዘጋው እሷ "ተዉት" ባለችው ቀን፣
የሩበን እናትም ሰማንያ የምትሞላው
ያኔ ሆነብን።
ሰማንያ ዓመት ደግሞ ደረቅ ወር አይጠብቅም።
"ሻንጣውን አውርደው" አልኩት፤ ሌላ ዘዴ የለም።

ለቢጫ ወባ ክትባት ወረፋ ይዘን ቁጭ ብለን
አርሴማ ግድግዳው ላይ ካርታ አገኘች ብቻዋን፤
የምድርን ወገብ ዙሪያ ቀይ መቀነት አስታጥቀውት።
ሱሪናም ከውስጡ ነች። ጣቷ ውቅያኖሱን ተሻገረ፣
ያለ ቪዛ፣ ያለ ትኬት፤
የኔም አገር ከውስጡ ነው።
"እማዬ፣ አንቺም ከሙቀት?"

ነርሷም ክንዴን እየጠረገች "አንቺስ ለምደሽዋል" አለች።
ደብረ ብርሃንን በምን ቃል ላስረዳት፣
መርፌ ይዛ ለቆመች?
ሐምሌ ሲገባ፣ ጥርሴ ከጥርሴ ሲንገጫገጭ፣
በረዶው የባቄላውን አንገት ሲቀጭ፣
ደብተሬን ከሹራቤ ሥር ከሆዴ ጋር ለጥፌ፣
አንድ ጫማዬን ጭቃ ውጦት በሌላው እያነከስኩ አልፌ...
እኔ የማውቀው ዝናብ ብርድ ያዘለ ነው በጀርባው፤
ሙቀት አዝሎ የሚመጣው
ከየት አባቱ ነው የሚነሣው?

"ልብስ እንደ ቆዳ ይጣበቃል" ይላል ሩበን፣ ካልሲ እየጠቀለለ፤
"ሲያባራ ደግሞ ይብሳል፤ አስፋልቱ ይጨሳል፣
ድስት የተከፈተ እየመሰለ።"
"ጃንጥላስ?" አልኩት። "ለፀሐዩም ለዝናቡም አንድ ይበቃል።"
"ጃኬትስ?" ሳቀብኝ። ሁለት ከትቻለሁ፤ እሱ መች ያውቃል።

አርሴማ መጣች፣ "እዚያ አሁን ወቅቱ ምን ይባላል?" ብላ።
አንድ ስም ነው ያለኝ፤ ከየት ላምጣላት ሌላ?
"ክረምት" አልኳት።
ሮጠች ወደ ክፍሏ፤ መሳቢያዋን ጎትታ ከፈተች፣
የሱፍ ጓንቷን፣ ቀዩን፣ ከዋና ልብሷ ጎን ሸጎጠች።

ምን ታድርግ ልጄ፣
የምታውቀው ክረምት ቦዩ በበረዶ ሲደፈን፣
አባቷ ብስክሌቱን ሲገፋ፣ መንገዱ ላይ ጨው ሲበተን፤
በቅዳሜው የአማርኛ ክፍልም፣ ከ"ክ" ፊደል አጠገብ፣
የበረዶ ሰው ነው የተሣለው፣ አንገቱ ላይ ሻርብ።

ማታ ፓራማሪቦ ደወልን።
ኦማ ሊሊያን ትናገራለች፤ ድምፅዋ ግን ይዋጣል፣
አንዳች ነገር ከበላይዋ እንደ ጠጠር ይፈስሳል።
"ዝናቡ ነው" አለ ሩበን፣ "ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ።
ቆይተን እንደውል።"
"አይ፣ ተወው" አልኩ እኔ።

እዚህ ሮተርዳም፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ከድርብ መስታወት ጀርባ፣
ዝናብን በዓይን ነው የምናውቀው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድዳ፣
ደጅ ቆሞ የማያንኳኳ እንግዳ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅሁ። አማቴ ስለ ዶሮዎቿ፣
ስለ ኬኩ፣ ስለ አጎት ኤድዊን ጉልበት፣
ስለ ጎርፉ በደጇ...
"እሺ" እላለሁ፣ "እሺ።" አንዱንም አልሰማሁላት፤
የሰማሁት ጣሪያውን ነው፣
መምህራችን ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ
ቆርቆሮው ተናግሮ እስኪጨርስ
ዝም ብሎ የቆመበትን ሰዓት።

ለሩበን አልነገርኩትም።

ጠዋት ሻንጣው ሲመዘን ከልኩ አልፎ ተገኘ።
ሁለቱን ጃኬቶች አወጣሁ። ሩበን አየ፤ ምንም አላለኝ።
ጓንቱን ተውኩት።

ትራሙን የሐምሌ ዝናብ ሲያጥበው እናያለን፣ አንሰማውም።
አርሴማ በላበው መስታወት ላይ "ክረምት" ብላ ጻፈች፣
"ረ"ን ገልብጣ።
ማረም ነበረብኝ፤
አላረምኳትም።