ከመጀመሪያው ይንገሩኝ

ናሁሰናይ መጣ ካርቶኑን ታቅፎ፣
ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ጉም አልፎ።
ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው፣ ሽቦውን፣ ገበታውን፤
«እትዬ ስንቅነሽ፣ አሮጌውን ክፈቺው፤ ልገልብጥልሽ ሁሉን።»

አሮጌው ከባና ሥር ነው። የመሐል ሜዳ ብርድ ይጎዳዋል ብዬ
አሥራ አንድ ክረምት አሳደርኩት፣ እንደ አራስ ልጅ ከልዬ።
የለጠፍኩት የ«ነ» ፊደል ተልጦ ጠፍቷል፤ ጣቴ ግን ቦታዋን ያውቃል፤
ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ሲሞቀው ደግሞ ያንቀላፋል።

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ነው ሱቄ፤
ስሜም ስንቅነሽ፣ የሰው ክስ ስንቄ።
የማስቀምጥበትን ስም ብታዩ ትስቃላችሁ፦
«ማመልከቻ»፣ «ማመልከቻ ሁለት»፣ «የመጨረሻ»፣
«የመጨረሻ የታረመ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»።
አንዱም መጨረሻ ሆኖ አያውቅም፤
የአንዱ ክስ ለሌላው ነበር መነሻ።

የአቶ ምንዳዬን የድንበር ክስ እከፍታለሁ፣
ስሙን አጠፋለሁ፣ ቀበሌውን አጠፋለሁ፣
በባዶው ቦታ ተረኛውን ሰው እከታለሁ።
«በታላቅ አክብሮት» ያው ነው፤
የተበደለን ሰው የሚለየው ስሙና ቀኑ ብቻ ነው፣
መስሎኝ።

አምና በግንቦት ወይዘሮ አጸደ የፍቺ አቤቱታ አጻፈች።
ዳኛው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፤
«ምንዳዬ ማነው?» ብለው ጠየቁ።
ችሎቱ ሳቀ።
ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ይዛ ከደጄ ቆመች፤
አልተሳደበች፣ አላለቀሰች፤
በጣቷ ነካችው፣ ጸሐፊው በቀይ ያሰመረውን፤
«እኔ የት ሄድኩ እዚህ ጋ?» አለችኝ፤ ይኸን ብቻ፣ ይኸን።
ገንዘቧን መለስኩላት።
ጥያቄዋን እስከ ዛሬ አልመለስኩም።

«ልገልብጥ?» አለ ናሁሰናይ፣ ፍላሹን በጣቱ እያሽከረከረ፤
«ሩብ ሰዓት ነው፤ ሁሉም እንዳለ፣ እንደነበረ።»
እንደነበረ! ይኸ ቃል ነው እጄን ያሠረ።
«ተወው» አልኩት። «ቫይረስ ፈርተሽ ነው?»
«አይደለም፣ ስሞቹን ፈርቼ ነው።»

«አንድም ሳይቀር?» አለ። እዚህ ላይ ዘገየሁ።
አንድ ፋይል አለች በማዕዘን፣ ስሟን «የኔ» ያልኳት፤
የመምህርነት ቅጥር ማመልከቻ፣ አትሜ ያልላክኋት፤
ከማንም ያልገለበጥኳት።
እሷን ለብቻዋ ላውጣ ብዬ፣ ደግሞ ተውኳት።
ማታ ማታ ትዝ እንደምትለኝ አልክድም።

ባናውን መልሼ አለበስኩት፣ ጥግ ገፋሁት።

አዲሱ ሲነሣ ድምፅ የለውም።
ነጭ ገጽ፣ እግር ያልነካው የጓሳ ውርጭ፤
አንዲት ቀጭን ጭረት ብቻ፣ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ።
ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገር።
ስንት ዓመት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ አላውቅም ነበር።

አቶ ወልደየስ ገቡ፣ ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው፣
ከካቦርታቸው ኪስ የተጣጠፈ የግብር ደረሰኝ አውጥተው፤
«ጻፊልኝ ልጄ፣ ለሌላው ሰው እንደምትጽፊው።»
«የሌላ ሰው የለኝም» አልኳቸው፤ «ዛሬ ባዶዬን ነኝ፤
ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ከመጀመሪያው?»
ወንበሩን ሳቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
ማንም እንዲህ ብሏቸው አያውቅም መሰለኝ፣
ከሰባተኛው አያታቸው ጀመሩልኝ፦
ጋራውን ስላቀናው፣ ስለ በቅሎው ቀለም፣ ስለ ሚስቱ ሀገር፤
ናሁሰናይ ሳቁን ሊደብቅ ጎንበስ አለ፣ ሽቦ የሚያስር መስሎ፤
እኔም ልስቅ ነበር፦
አሮጌ ጓዝ አይግባብኝ ባልኩበት ቀን፣
ሰባት ትውልድ ጭነው ሞሉት ደጄን።

ግን የራሳቸው ነው። የማንም ግልባጭ አይደለም።
«ቀስ ይበሉ አባቴ። የመጀመሪያው ስማቸው ማን ነበር?»
«ነገዎ» አሉ።
በአዲሱ ገበታ ላይ ፊደላችን ገና አልተለጠፈም፤
ጣቴ ግን «ነ»ን ሳያይ አገኛት።