አራተኛው ቀይ

ከቤተ መጻሕፍቱ በር፣ ሰሌዳው ላይ ዛሬ
«የጎርፍ ጥናታችን ተሸለመ» ይላል ወሬ።
ፎቶው ላይ ኢፍራህ አለች፣ ጋውኗ ሰፍቷታል፤
ፈገግ ልትል ስትል ካሜራው ቀድሟታል።

እኔ የማውቀው ገመዱን ነው።

ከላይኛው ድልድይ ሥር፣ ደቻቱ ምሰሶ ላይ
ቀይና ነጭ ቀለም፣ ከሩቅ የሚታይ፤
ሎሚ ሻጯ መይሙና፣ ፊደል ያልቆጠረች፣
ውሃ በመጣ ቁጥር ቀይ ቀዩን እያየች
ገመድ ላይ ትቋጥራለች።
ቅዳሜ ኢፍራህ ከሳቢያን በባጃጅ መጥታ
ቋጠሮውን ቁጥር ታደርጋለች፣ ደብተሯን ዘርግታ።

ሦስት ክረምት እንዲህ።

አንድ የነሐሴ ሌሊት፣ የድሬ ሰማይ ጠርቶ፣
ደንገጎ ላይ ብቻ መብረቅ በርቶ ጠፍቶ፣
ስልክ ጮኸ፦ «ልጄ፣ አራተኛውን ቀይ አልፏል!»
ታች አሸዋው ላይ ያደረ ሁሉ ተቀስቅሷል።
ፍየል፣ ጋሪ፣ ምንጣፍ፤ ሰው እየተሳደበ
ወደ ከፊራ ወጣ፣ ልጁን እየሳበ።

ጎርፉ መጣ። ባዶ አሸዋ አገኘ። ሄደ።

በማግስቱ ሬዲዮው የሽንኩርት ዋጋ አወራ፤
ምን ይበል? የሞተ የለ፣ ስሙ የሚጠራ።

ዛሬ ስለ ገመዱ ብጠይቃት
«ጆንያ አሰርኩበት» አለች፤
አንድ ሎሚ መረቀችልኝ፣
ደንገጎን እያየች።